በአምስተኛው ሲምፎኒ የሞትኩ ዕለት

መሞቴን የሰማሁት ጎጃም በረንዳ፣ እናቴ የላከችልኝን ቅቤ ልረከብ ሄጄ ነው። የነገረኝ ሰው ጨዋ ነበር፤ መጀመሪያ በርጩማ አቀረበልኝ።

«ተቀመጭ እስኪ፣ እትዬ» አለኝ የመጋዘኑ ሠራተኛ። አዲስ ሰው ነው፤ አያውቀኝም።

«አልቀመጥም። ከቅዳሴ መውጣቴ ነው፤ እህል አልቀመስኩም። ዕቃዬን ስጠኝና ልሂድ።»

«እንግዲያው ውሃ ላምጣልሽ?»

«ዕቃዬን አምጣልኝ።»

ቆቡን አወለቀ። መርካቶ ውስጥ ሰው በሥራ ሰዓት ቆቡን የሚያወልቀው ወይ ራሱን ሊያክ ነው፣ ወይ ክፉ ነገር ሊናገር ነው። ጠበቅሁት፤ አላከከም።

«ቅቤው አለ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ባለቤቲቱ ግን... እንግዲህ ሁላችንም መንገደኞች ነን። ዛሬ አርፋለች አሉ። ጋሽ ምንይችል እያለቀሰ ነው የወጣው፤ ዕቃዋ እንዳይነካ ብሎኛል። አንቺ ምኗ ነሽ?»

«የማን?»

በቅቤው እንስራ ላይ የታሰረውን ወረቀት አነበበልኝ። ስሙ የኔ ነው፤ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ ከነቅድመ አያቴ። እናቴ ቅቤ ስትልክ አንዲት ሞክሼ መንገድ ላይ እንዳትቀበለኝ አራት ትውልድ ታስጽፋለች።

«ራሴ ነኝ» አልኩት።

«አይዞሽ» አለኝ በርጩማውን ይበልጥ ወደ እኔ እየገፋ። «እኔም እናቴ የሞተች ዕለት ብዙ ቀባጥሬአለሁ።»

መታወቂያዬን አወጣሁ። መታወቂያዬ ከመሐረብ ውስጥ፣ መሐረቡ ከትንሽ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ከትልቁ ቦርሳ ውስጥ ስለሆነ ጥቂት ጊዜ ወሰደ። ሰውዬው መታወቂያውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ በርጩማው ላይ ራሱ ተቀመጠበት።

«እና የሞተው ማን ነው?» አለኝ።

«እኔ በምን አውቃለሁ? ካንተ ነው የሰማሁት።»

እስከዚህ ድረስ ነገሩ አስቆኝ ነበር፤ አልዋሽም። ጾም ላይ ባልሆን ጮክ ብዬ እስቅ ነበር። ሳቄን የወሰደው ቀጥሎ የተናገረው ነው። «ጋሽ ምንይችል እኮ አገር ቤት ደውሏል» አለ። «ለሽማግሌዎቹ። እናትየዋን ነገ ጎህ ሲቀድ ያረዷታል።»

እናቴ ከዓባይ ማዶ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ልጇ እኔ ብቻ ነኝ። ልቧ ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ድንገተኛ ነገር እንዳትሰማ ብሎ አስጠንቅቋል። መርዶ ደግሞ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ተመካክረው፣ ገና ዶሮ ሳይወርድ አሥር አሥራ አምስት ሽማግሌ ሆነው በሩን ያንኳኳሉ። ሰውየው የበሩን ኳኳታ ሲሰማ ግማሹን ይሞታል። ሽማግሌዎቹ «ተሳስተን ነው» የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ስልኬን አወጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ አጠፋዋለሁ፤ ስወጣ እከፍተዋለሁ። ሲከፈት አንድ ጊዜ ብልጭ አለና ባትሪው አልቆ መልሶ ሞተ። በሠራተኛው ስልክ ምንይችል ጋ ደወልኩ። ምንይችል የመጋዘኑ ባለቤትና የአገሬ ልጅ ነው፤ በዚህ ከተማ ውስጥ ዘመድ የምለው እሱን ነው።

«ምንይችል፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

እንደ ሕፃን ልጅ ሲንሰቀሰቅ ሰማሁ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ደግሜ ስደውል አይሠራም።

እንስራዬን አቀፍኩና ወደ ሰፈሬ፣ ወደ ሰባተኛ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል እናንተ የምታውቁትን ሩጫ እንዳይመስላችሁ። ቅቤ የያዘች ጥንቁቅ ሴት በጋሪና በተሸካሚ መካከል የምትሮጠው ሩጫ፣ ሌላው ሰው ተረጋግቶ ከሚሄደው ያንሳል። አንዱ ጋሪ ገፊ «እትዬ፣ ወይ ሂጂ ወይ ቁሚ» አለኝ። ልክ ነበር።

እኔ ሰባተኛ እስክደርስ ድረስ፣ ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

ሰባተኛ ጥለትና ክር እሸጣለሁ፤ የምኖረው ከሱቄ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። የግቢው ባለቤት ጋሽ ወርቅነህ የሙዚቃ ጓድ ጡረተኛ ናቸው። በወጣትነታቸው ትራምፔት ይነፉ ነበር። ወንበራቸው ዕድሜ ልካቸውን ከከበሮው ፊት ስለነበር አሁን ጆሯቸው የሚሰማው የፈለገውን ብቻ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የድሮ ተማሪያቸው ከውጭ አገር ካርቶን ላከላቸው። ውስጡ ሲዲ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ አንድ ፈረንጅ የደረሳቸው ሲምፎኒዎች፣ ከአንደኛው እስከ ዘጠነኛው፣ በትልልቅ ኦርኬስትራ ተቀርጸው። ጋሼ ካርቶኑን እንደ ታቦት ተሸክመው (ይቅር ይበለኝ) ግቢውን በሙሉ አዞሩት። «ሙሉ ነው» ይላሉ። «ዘጠኙም። አንድም አልጎደለ።»

በሳምንት አንድ፣ በየረቡዑ ሊሰሙ ወሰኑ። እኔ መጀመሪያ ፈራሁ፤ ሁዳዴ ነው። የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ።

«ግጥም አለው?» አሉኝ።

«የለውም፣ አባ።»

«ጭፈራስ?»

«ማንም ሲጨፍርበት አላየሁም። አንዳንዴ ለቅሶ ይመስላል።»

«ለቅሶ በጾም አልተከለከለም» አሉኝና አለፉ።

አራቱ በሰላም አለፉ። በአራተኛው ማብቂያ ላይ የጋሼ ስፒከር ጢስ ተፍቶ ሞተ፤ ሶኬቱንም ይዞት ሄደ። አምስተኛው ሊደርስ ሲል ጋሼ ደጄ ድረስ መጡ። ኮት ለብሰው፣ ክራቫት አድርገው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያንን የዕድሩን ድምፅ ማጉያ ለአንድ ቀን።»

የዕድራችን ንብረት ያዥ እኔ ነኝ። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚው፣ ሁሉም በእጄ ነው። የመጋዘኑ በር ሦስት ቁልፍ አለው። ድምፅ ማጉያው ግን ውድ ስለሆነ ከአልጋዬ ሥር ነው የሚያድረው። የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ሲደክም የገዛነው ነው፤ የሰውየው ጡሩምባ ተቀርጾ ገብቶበታል። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ጡሩምባው ይነፋል፣ ቀጥሎ የሟቹ ስም ይጠራል። ለሌላ ነገር አይነካም፤ ሕጉን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

«አይቻልም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«አምስተኛው እኮ ነው» አሉ። በወጣትነታቸው ይህንኑ አምስተኛ ሊያቀርቡ ተለማምደው ነበር። የሚጀመረው በአንድ ትራምፔት ብቻ ነው፤ ያ ትራምፔት የእሳቸው ነበር። መጀመሪያውን ብቻ አጥንተው ሳለ ዘመኑ ተለወጠ፤ ጓዱ ተበተነ፤ ወረቀቱም ጠፋ። «ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም» አሉኝ።

እንዲህ ለሚል ሽማግሌ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ሶኬታቸው ስለተቃጠለ የቤቴን ቁልፍ ሰጠኋቸው። ድምፅ ማጉያውን ከአልጋ ሥር አውጥቼ፣ ግድግዳ ሲያይ ስለሚያፏጭ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ «ድምፁን ዝቅ ያድርጉ» ብዬ ቅዳሴ ሄድኩ። ጆሮው ለማይሰማ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርግ ያለች ብልህ እኔ ነኝ።

ቀሪውን በኋላ ሰው ነው ያቀናበረልኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ከእኔ መስኮት፣ በዕድሩ ማጉያ፣ አንድ ጡሩምባ ብቻውን ተነፋ። ሰፈሩ ቀጥ አለ። ስም እስኪጠራ ጠበቁ። ስም አልተጠራም፤ በስሙ ፋንታ መቶ ሰው የሚያለቅስ የሚመስል ነገር መጣ። ጎረቤቴ ዘቢባ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቋን ክፍቱን ትታ ሮጣ መጣች። ደጄ ላይ ጋሼን አገኘቻቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እንባቸው ይወርዳል።

«ጋሼ፣ እትዬን ነው?» ብላ ጮኸች። ጋሼ ሳይሰሟት፣ እንዳይረበሹ ብቻ፣ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «ሆስፒታል ናት?» ነቀነቁ። «አረፈች?» አሁንም ነቀነቁ፤ በእጃቸውም ዝም በይ አሏት። ስልኬ ላይ ደወለች፤ ዝግ ነው። በሱቅ ሰዓት ስልኬን ዝግ አግኝታው ስለማታውቅ በቃ፣ አለቀ። ማጉያውን ነቀለችና ስሜ በሥርዓቱ ይጠራ ዘንድ ለዕድሩ ሊቀ መንበር አስረከበች።

ሰባተኛ ስደርስ ድንኳኑ ቆሟል። በጎን በኩል፣ ድስቶቹ በተደረደሩበት፣ ቀስ ብዬ ገባሁ። ወዲያው «አለሁ» ማለት ነበረብኝ፤ እናቴ እየጠበቀች ነው። ግን ዘቢባ ስለኔ እየተናገረች ነበር፤ ሰው ስለ ራሱ የሚባለውን ለመስማት ዕድሉ አንዴ ነው። ለግማሽ ደቂቃ ቆምኩ። ይህንንም ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ።

«ድስት ስታውስሽ ቁጥር ትጽፍበታለች» ትላለች ዘቢባ እያለቀሰች። «ስትመልሺ ታሸትተዋለች። ደህና ካልታጠበ ፊትሽ ላይ ደግማ ታጥበዋለች። እንደሷ ያለች ጎረቤት ከእንግዲህ ከየት ይመጣል?»

ምስጋና ይሁን ወቀሳ ገና ሳልለየው ሊቀ መንበሩ ቀጠሉ። «መጋዘኑን በሦስት ቁልፍ ቆልፋ ነው ያለፈችው። ይህን ድንኳን ለማውጣት ሦስቱንም በመዶሻ ሰበርናቸው።»

«ሦስቱንም?» አልኩ። «መካከለኛው እኮ ክፍት ነው፤ ለማስመሰል ነው የሰቀልኩት።»

ከፊቴ የነበረው አግዳሚ ከነሰዎቹ ወደ ኋላ ወደቀ። የንፍሮው ሳፋ ተደፋ። አንዲት አሮጊት ሦስት ጊዜ አማተቡ። ምንይችል ከተቀመጠበት ተነስቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ከሁሉም የቀደመችው ዘቢባ ናት፤ እስላም ብትሆንም ጸበሌ የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች። ሮጣ ሄዳ አመጣችና ጠርሙሱን ሙሉ በራሴ ላይ ገለበጠችው።

«ነሽ?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«ታዲያ ስልክሽን ለምን ዘጋሽ፣ አንቺ የማትረቢ» ብላ እቅፍ አድርጋኝ እንደገና አለቀሰች።

ጋሽ ወርቅነህ ከጥግ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቅዳሴ ናት ብያችሁ ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማን እንደሞተ በጆሯቸው ተጮኾ ከተነገራቸው ጀምሮ «እሷማ ቅዳሴ ናት» ሲሉ ነው የቆዩት። ሰው ሁሉ «አይዞዎት ጋሼ፣ ሐዘን ነው» ይላቸው ነበር።

«እናቴ» አልኩ ምንይችልን ይዤ። «አሁን ደውል።»

አገር ቤት ያለ ስልክ ሁሉ ተዘግቷል። አንድ ሰው አፉ አምልጦት እናቴን ቀድሞ እንዳያስደነግጥ ሽማግሌዎቹ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ስልክ ማንም መልስ እንዳይሰጥ አዝዘዋል። ምንይችል አምስት ሰው ሞከረ። ስድስተኛው የአጥቢያው ቄስ መምሬ ጥሩነህ ናቸው፤ በልጅነቴ የንስሐ አባቴ የነበሩ። የእሳቸው ጠራ።

እዚህ ላይ ሊቀ መንበሩ እጃቸውን አነሱ። «ሞቷ በድምፅ ማጉያ ተነግሯል» አሉ። «ሕይወቷም በድምፅ ማጉያ ይነገር። ዕድሩ ሕግ አለው።» ሕጉን ያረቀቅሁት እኔ ስለሆንኩ መከራከር አልቻልኩም። የምንይችልን ስልክ ከማይኩ ጋር አጣብቀው ያዙልኝ።

«መምሬ፣ እኔ ነኝ፤ አልሞትኩም» አልኩ። ድምፄ ሄዶ ከማዶ ግንብ ላይ ተመልሶ መጣ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ መምሬ፤ የእሳቸውም ድምፅ ሰፈሩን ሞላው። «ድምፅሽ ቁርጥ እሷን። የአክስቷ ልጅ ነሽ?»

«ራሴ ነኝ፣ መምሬ።»

«ቅድም ምንይችል እያለቀሰ ሞተች አለኝ። አሁን አንቺ አልሞትኩም ትይኛለሽ። የቱን ልመን?»

«እኔን ነዋ።»

«ሰው ለራሱ አይመሰክርም» አሉ፤ ቆይተውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ማጉያው ግን ዝቅ አላደረገም። «እሷ ከሆንሽ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሽ በሁዳዴ ስላደረግሽው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ እያለቀስሽ የነገርሽኝን ንገሪኝ። እኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ እሷም አትናገርም።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዘወር አለ። የወደቀው አግዳሚ ተነስቶ ሰዎቹ ተመቻችተው ተቀመጡ። ያ ኃጢአት ለሠላሳ ዓመት የተቆለፈበት ነው፤ ያኛው ቁልፍ ደግሞ ለማስመሰል የተሰቀለ አልነበረም።

«በሹክሹክታ ይሆናል፣ መምሬ?»

«መስመሩ ጥሩ አይደለም። ጮክ በይ።»

ጮክ አልኩ። እናቴ ለፋሲካ ብላ ቅቤ በእንስራ አድርጋ፣ አፉን በሊጥ አሽጋ አስቀምጣ ነበር። እኔ በሰሙነ ሕማማት፣ በዕለተ ዓርብ፣ ሰው ሁሉ ሲሰግድ፣ ሊጡን ፈልቅቄ ቅቤውን በአምስት ጣቴ በላሁ። ደግሞም መልሼ በሊጥ አሸግሁት። እናቴ ጎድሎ ስታገኘው ድመቷ ናት አልኩ። ድመቷ ወንዝ ማዶ ላሉ ሰዎች ተሰጠች። መምሬ አርባ ስግደት አዘዙኝ።

ዘቢባ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«እሷ ናት» አሉ መምሬ። «አምላኬ ሆይ፣ ራሷ ናት። ልጄ፣ ሽማግሌዎቹን አሁኑኑ እበትናለሁ። ግን... እናትሽ አሁን ገብታ ከኋላዬ ቆማለች።»

ሊቀ መንበሩ ማይኩን እንደያዙ በሌላ እጃቸው ደገፉኝ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ፣ ከዓባይ ማዶ፣ በዕድሩ ማጉያ፣ በሰባተኛ ላይ መጣ።

«ቅቤው ደረሰልሽ ወይ?»

«ደረሰ፣ እማዬ።»

«ስልኬን እንሥራልሽ ብለው ወስደውብኝ፣ መምሬ ይደውሉልኝ ብዬ መምጣቴ ነው። ድምፅሽ ከስልካቸው ደጅ ድረስ ይሰማል፤ ምን ሆነሽ ነው ስለዚያ ቅቤ ዛሬ የምታወሪው?»

«ሰማሽኝ?»

«ድመት የበላችውን እንስራ በሊጥ መልሳ አታሽግም፣ ልጄ። ያኔውኑ አውቄአለሁ።»

«ታዲያ ድመቷን ለምን ሰጠሻት?»

«ጫጩቶቼን ስለፈጀች ነዋ። ከአንቺ ቅቤ ጋር ምን አገናኘው?» አለች። ትንሽ አዳመጠችና፣ «ምንድን ነው የሰው ድምፅ? ድግስ ነው?»

ድንኳኑን አየሁት። «ሰው ሰብሰብ ብሎ ነው፣ እማዬ።»

«ደግ ነው። ሰው አያሳጣሽ። እንስራውን እስከ ፋሲካ እንዳትከፍችው።»

ያን ጊዜ ድንኳኑ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። እኔ ግን መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የራሴ ለቅሶ ላይ ካለቀሱት ውስጥ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ።

እንግዲህ ድንኳኑ ቆሟል፣ አዲስ ንፍሮ ተቀቅሏል፣ ሰው ሁሉ ተቀምጧል። ጋሽ ወርቅነህ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «አሁን መቀጠል ይቻላል?» አሉ። ለካ እሳቸውን ሁላችንም ረስተናቸዋል፤ አምስተኛው ከመጀመሪያ ክፍሉ ሳያልፍ ነው የተነቀለባቸው። ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ሰኩላቸው።

ከመጀመሪያው ጀመረ። ጡሩምባው ሲነፋ ከላይኛው መንደር ሌሎች ሰባት ለቀስተኞች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ፤ አስቀመጥናቸው። ለቅሶው አለፈ። ቀጥሎ የመጣው የቅዳሜ መርካቶን ይመስላል፤ ሁሉም ይጣላል፣ ሁሉም ይገፋፋል። ሦስተኛውን ክፍል ዘቢባ በጣቷ አግዳሚው ላይ መታችው። ከዚያ ባለ ክር መሣሪያዎቹ ብቻቸውን፣ በጣም ቀስ ብለው መጡ፤ ጥለት የምሸጥ ሴት ስለሆንኩ ይሆናል፣ አንድ ቀጭን ክር ሳይበጠስ ሲጎተት የማይ መሰለኝ። በመጨረሻ ነገሩ ሁሉ ወደ ሠርግ ዞረ። ያ በጡሩምባ የተጀመረ ለቅሶ፣ እምቢልታም ከበሮም ሁሉም ደስ ብሎት ሲያበቃ ጋሼ ክራቫታቸውን ፈቱ።

«እንዲህ ነው ለካ የሚያልቀው» አሉ።

አሁን ወደ ልመናዬ። ጋሼ ለሰሙነ ሕማማት አቋርጠዋል፤ ስድስተኛው ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ ነው፤ ስፒከራቸው ገና አልተሠራምና ከእኔው መስኮት። በስድስተኛው መጨረሻ ላይ ትልቅ መዶሻ ይመታል ብለውኛል፤ የማንም ቤት እየተሰበረ አይደለም። ከመሮጣችሁ በፊት ስልኬ ላይ ደውሉ፤ በደንብ ሞልቼዋለሁ። መጋዘኑን ለማንኛውም መክፈት ካለባችሁ ደግሞ መካከለኛውን መጀመሪያ ሳብ አድርጋችሁ እዩት፤ አዲስ የገዛሁትም ለማስመሰል ነው።

እናቴ ግን ለዚያ ሳምንት ትመጣለች፤ ጎኔ ተቀምጣ አብራን ትሰማለች። እስከ ዛሬ የምታውቀው ሰው ሰብሰብ ብሎ እንደነበር ብቻ ነው። ስለዚህ በአምስተኛው ረቡዕ ድንኳኑ ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ፣ ስለ ቅቤው ያሻችሁን ያህል ሳቁብኝ፤ እሷም ስቃለች። ሞቼ እንደነበር ግን አትንገሩብኝ።